ከጊታሩ ሥር

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ ስቱዲዮ የሚወስደውን ደረጃ ስትወርድ አለቃዋ ከታች ሆኖ፣ «ነገሩ አልቋል፤ አንቺን የጠራሁሽ ለፊርማ ነው» አላት። በግራዋ በኩል ቆሞ ስለነበረ አልሰማችውም። የግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ብትሰማውም ለውጥ አልነበረውም፤ ሰውየው «አልቋል» ባለ ቁጥር ሥራው ገና የሚጀመረው ያኔ እንደሆነ አብረው ባረጁበት ቢሮ ስታይ ኖራለች።

ሟቹ በመቅጃው ክፍል ውስጥ፣ ቁልፍ በቁልፍ በሆነው ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የስቱዲዮው ባለቤትና ድምፅ ቀጂ ነው። ጆሮው ይሉታል፤ ሌላ ሰው የማያስተውለውን ስህተት እሱ ይሰማል ብለው ያወጡለት ስም ነው። ማጅራቱን የመታው ከባድ የማይክ መቆሚያ ብረት ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ብረቱ ተወልውሎ ያበራል። በዚያ አቧራማ ክፍል ውስጥ የሚያበራው እሱ ብቻ ነበር።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነበር የሚቀዱት?» አለች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የራስ ቅል ሥዕል እያየች።

«ዴዝ ሜታል ይሉታል። ዘፈን ካልሽው እንግዲህ!» አለ አለቃዋ። «ሲያገሱ ነው የሚውሉት። ለማንኛውም ገዳዩ ድምፃዊው ነው፤ ይዘነዋል። ቅጽል ስሙ ራሱ አውሬው ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀው ‹አፈር አስበላሃለሁ› ብሎታል። ነገ ረፋዱ ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሦስቱ ሲጫወቱ ነበር። ሟቹ በማዳመጫቸው ‹በሉ ጀምሩ› አላቸው፤ ጀመሩ። ዘፈኑ አልቆ ቢጠሩት መልስ የለም፤ ሲገቡ ሞቷል። እንግዲህ ሰውየው የሞተው ዘፈኑ ሲቀዳ ነው። ድምፃዊው ድምፁን የሚጨምረው መሣሪያው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ እሱ ብቻ ሥራ ፈቶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። የተቀዳውንም ሰምቼዋለሁ፤ መሀሉ ላይ ከሚያርፉባት ቦታ በቀር አልተቋረጠም። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?»

«ምንም» አለች። በአፏ ነው እንጂ በልቧ አይደለም።

ክፍሎቹን ዞራ አየቻቸው። ግድግዳዎቹ ድምፅ እንዳያወጡ አሮጌ ምንጣፍና የእንቁላል ካርቶን ለብሰዋል። ከመቅጃው ክፍል ቀጥሎ ድራሙና ጊታሩ ያሉበት ሰፊ ክፍል አለ። በመካከሉ መስተዋት ቢኖርም ድራመሩ ሰው ሲያየው እጁ ስለሚተሳሰር መጋረጃው ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው። ቤዝ ጊታሩ ግን እነሱ ዘንድ አልነበረም። ወፍራም ድምፁ ወደ ድራሙ ማይክ እየገባ ያስቸግራል ተብሎ ከኮሪደሩ ማዶ፣ ባልዲና መጥረጊያ ከሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ገብቷል። አንድ ኩርሲ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ማዳመጫ አለ። መስኮት የለውም። መርማሪዋ ኩርሲው ላይ ትንሽ ተቀመጠች፤ ቤቷን አስታወሳት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሬዲዮ መክፈት ነው፤ ስትተኛ ደግሞ ደህናውን ጆሮዋን ትራሱ ላይ ታደርገዋለች። ያኔ ዓለም ጸጥ ይላል።

መጀመሪያ ድራመሩን ጠራችው። መድፉ የሚባል፣ ወፍራም፣ ሳቅ የማይለየው ጎረምሳ ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱ በዕንባ አብጧል።

«እማማ፣ እኔ ስመታ ዓይንም ጆሮም የለኝም።»

«እማማህ ቤትህ ናት። እኔ መርማሪ ነኝ።»

«ይቅርታ እማ… መርማሪ። ዘፈኑን ሳንተነፍስ ነው የተጫወትነው። እኔ በሁለት እግሬ ከበሮውን ስደበድበው፣ ጊታሪስታችን ጣቱ ክሩን እንደ ስፌት መኪና ሲወጋው፣ ኧረ እንደ ዛሬ ሆኖልን አያውቅም! ዕረፍት የማገኘው መሀሉ ላይ ባለችው ዝግ ያለች ቦታ ብቻ ነው። እሷ ጋ ማዳመጫዬን አውልቄ ላቤን እጠርጋለሁ። ከዚያ ጣቱ በጭንቅላቱ ምልክት ሲሰጠኝ እንደገና እገባለሁ።»

«ቤዙስ?»

«ጥላው? እሱማ ነበረ» አለ መድፉ። «የት ይሄዳል?»

ጊታሪስቱ ጣቱ መልከ መልካምና ኩሩ ነው። ለጥያቄ ሁሉ መልስ አያጣም። ስለ ሙዚቃው ስትጠይቀው ምቱ በየመስመሩ እየተቀያየረ የሚሄደውን፣ ቴክኒካል የሚባለውን ዓይነት እንደሚወድና የባንዱ ችግር ሁሉም እኩል አለመጎበዙ እንደሆነ አስረዳት። አንድ ጥያቄ ላይ ግን ዓይኑን ሰበረ።

«ስትጫወቱ ሟቹ በማዳመጫው ምንም አላላችሁም?»

«‹ጎበዝ› አለኝ። ሌላ ምንም።»

መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ጣቱ የጣት ቀለበቱን ሲያሽከረክር ቆየ።

ቤዝ ተጫዋቹን ያገኘችው እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ዕድሜው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሰው ነው። ጥላው ይሉታል። የቤዙን ክሮች በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር። ሲናገር ድምፁ ከደረቱ ስለማያልፍ ወንበሯን አስጠግታ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠችው። እሱም ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ ሰው ሲጠጋው የለመደ አይመስልም።

«ሸሚዝህን ለምን ታበላሻለህ? ጨርቅ የለህም?»

«ነበረኝ። ጠፋብኝ።»

«ዘፈኑ ሲቀዳ ምን ታደርግ ነበር?»

«ስጫወት ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን አላነሳሁም። ጓደኞቼን ይጠይቋቸው።» በከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ። ፈገግታው የደስታ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች። አውሬው አግዳሚው ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ወገቡ ይደርሳል፤ ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስታየው ብድግ አለ።

«እትዬ፣ አባቴ በልቷል? ዓይኑ አያይም። ከእኔ እጅ በስተቀር ከማንም አይጎርስም። እኔ ብታሰር እሱ ነው የሚሞተው።»

«ጎረቤታችሁን ልኬአለሁ።»

«ከጎረቤት አይበላም እኮ። ሳይበላ ‹በላሁ› ይላል» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

መርማሪዋ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። «ጆሮውን ‹አፈር አስበላሃለሁ› ብለኸዋል።»

«ብያለሁ፤ ‹ቃላትህ አይሰሙም› ሲለኝ ተናድጄ። እኛ በአፋችን ነው እንጂ… ዘፈኑን ሰምተውት ያውቃሉ? ቁጣ ይመስላል፤ አይደለም። ድምፁን የሚገፋው ሆድ ነው፤ የሚያንቀጠቅጠው ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ከድምፅ አውታሩ ከፍ ብሎ ያለ ሥጋ። የተናደደ ሰው ቢሞክረው በማግስቱ ድምፁ ይዘጋል። ይሄውልዎት።»

አገሳ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ጠባቂ የያዘውን ቁልፍ ጣለና «ምን መጣ?» ብሎ ሮጦ መጣ። መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ይሄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ፍጥነትና ድብደባ ብቻ የሆነ፣ ጨካኝ የሚሉት አለ፤ መድፉ ለእሱ ነው የሚሞተው። ጣቱ ያለ ቴክኒካል አይሆንለትም። እኔ ዜማ ያለውን እወዳለሁ፤ ከጩኸቱ በላይ ጊታሮቹ የሚያንጎራጉሩበትን። ዱም የሚሉትም አለ፤ ዝግ ያለ፣ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው እግሩን የሚጎትት።»

«እሱንስ ማን ይወዳል?»

አሰበ። ማሰብ ነበረበት። «ጥላው ሳይሆን አይቀርም። አሁን የቀዳነው ዘፈን መሀል ላይ ሁላችንም ዝም ብለን ቤዙ ብቻውን የሚጫወትባት ቦታ አለች፤ እሱ ነው የፈጠራት።»

«ፈጣኑ ላይስ? ያኔ ቤዙ ምን ይላል?»

አውሬው ፈገግ አለ። «ፈጣኑ ላይማ ምን ይላል! እኛ ጊታሩን ከተለመደው በጣም አውርደን ነው የምንቃኘው። ሲወርድ የቤዙ ቤት ይገባል። ቤዙ ከሥሩ ሆኖ ያንኑ ይከተላል። በዚያ ላይ የመድፉ እግር አለ፤ እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው። ቤዙን ማን ይሰማዋል ብለው ነው?»

ያለውን ነገር እሱ ራሱ አላስተዋለውም። መርማሪዋ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች።

በማግስቱ ማለዳ መድፉን ወደ መቅጃው ክፍል ወሰደችው። እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው እንደተቀዳ፣ የትኛው ቁልፍ የየትኛው እንደሆነ አሳያት። የቤዙ ቁልፍ ከሌሎቹ ሁሉ ወርዶ መጨረሻው ላይ ነበር።

«ይሄን ማን ዘጋው?»

«ጆሮው ነዋ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ መድፉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አስወጣችውና ብቻዋን አዳመጠች። እጇን ስፒከሩ ላይ አድርጋ፣ ዘፈኑን ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ አንድ ፖሊስ ጠርታ አንድ ነገር ሹክ አለችውና ወደ ጠባቧ ክፍል ላከችው፤ ሁሉንም ሰው እንዲሰበስብላት ለአለቃዋ ነገረች።

«ፍርድ ቤት ልሄድ ነው እኮ!» አለ አለቃዋ።

«እዚያ ከመዋረድ እዚህ መዘግየት ይሻልሃል።»

ተሰበሰቡ። አውሬው እጁ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ ቆመ፤ መድፉ ከመቅጃው ጠረጴዛ ጋ፣ ጣቱ ግድግዳውን ተደግፎ። ጥላው ከሁሉም ጀርባ፣ ማዕዘኑ ላይ ነበር። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም፤ እሱም አልጠየቀም።

«አለቃዬ ሦስቱ ሲጫወቱ ነበር አለኝ» ብላ ጀመረች። «መድፉን ጠየቅኩት፤ ስለ ራሱና ስለ ጣቱ ነገረኝ። ጣቱን ጠየቅኩት፤ ስለ ራሱ ነገረኝ። ሁለታችሁም ‹ሁላችንም ተጫወትን› አላችሁኝ። አሁን ልጠይቃችሁ። ጥላውን በጆሯችሁ ሰማችሁት ወይ?»

መድፉና ጣቱ ተያዩ።

«እኔ… ነበረ ብዬ ነው» አለ መድፉ በመጨረሻ።

«አየህ? ነበረ ብለህ ነው። እጃችሁን ስፒከሩ ላይ አድርጉ። አንተም አለቃዬ፤ አትፈር። መድፉ፣ ሌላውን ዝጋና ቤዙን ብቻ ክፈት።»

ድምፁ ወጣ። መጀመሪያ ፈጣን፣ ወፍራም ጉምጉምታ ነበር፤ ስፒከሩ መዳፋቸውን ነዘረው። ቀጥሎ ዘፈኑ ረገበና ያቺ ዝግ ያለች ቦታ መጣች። ቤዙ ብቻውን፣ አንዷን ድምፅ እስክትሞት ጠብቆ ሌላዋን እያነሳ ሄደ። ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚራመድ ሰው ይመስል ነበር። መድፉ አፉን ከፈተ። ለስንት ጊዜ የተጫወቱት ዘፈን ነው፤ እሱ ግን ያቺን ቦታ ላቡን ሲጠርግ ነው የኖረው።

ከዚያ ስፒከሩ ቀጥ አለ። ጠበቁ። ምንም የለም። መድፉ ጊታሩንና ድራሙን ሲከፍትላቸው ፈጣኑ ክፍል በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ ተሰማ፤ ሲዘጋቸው እንደገና ጸጥታ ሆነ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ብቻ ቤዙ ተመለሰ፤ ምቱን እየሳተ፣ እየተንቀጠቀጠ።

«ገመዱ… ገመዱ ወልቆ ነው» አለ ጥላው።

«ትላንት እጄን አላነሳሁም ብለኸኛል። ገመድ የወለቀበት ሰው ያን ጊዜ ይናገራል።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ጊታር ቢቆም ሁላችሁም ትሰሙ ነበር። ድራም ቢቆም መንገደኛም ይሰማል። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ተነሥቶ ሄዶ፣ ደርሶ ተመልሶ፣ ማንም ነበረ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚችለው ፈጣኑ ላይ ነው። የሄደውም ያኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን?» አለ አለቃዋ። ድምፁ ቀንሷል።

«የሄደው ልክ ዝግ ያለችው ቦታ ስታልቅ ነው። እንግዲህ የሆነ ነገር እዚያ ደርሶበታል። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነገር የሚገባው በማዳመጫ ብቻ ነው። መድፉ በዚያ ሰዓት ማዳመጫውን አውልቋል። ጣቱ ግን አላወለቀም።» ፊቱ ቆመች። «ልጄ፣ አንድ ሰው አባቱን ሳያበላ አድሯል። ሟቹ ምን አለ?»

ጣቱ ቀለበቱን ማሽከርከር ተወ። «‹ጎበዝ ጣቱ› አለኝ። ከዚያ… ‹ይህቺን እንቅልፍ የምታመጣ ቦታ ቆርጠን እናወጣታለን። ቤዙንም በኋላ አንተው ትጫወተዋለህ፤ ለእሱ መንገር አያስፈልግም› አለ። ለእኔ ብቻ የተናገረ መስሎታል። ጥላውም እንደሚሰማ… እኔም ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አፈርኩ፤ ዝም አልኩ።»

«ዝም ብለህ ጓደኛህን ልታሳስር!» አለ መድፉ።

«ብረቱ ተወልውሏል» ስትል ቀጠለች መርማሪዋ። «ጥላው ደግሞ ትላንት ክሩን በሸሚዙ ይወለውል ነበር።» ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። ከቤዙ ስፒከር ጀርባ ተወትፎ የተገኘው ቢጫ ጨርቅ ላይ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። «ይሄን የደበቅህ ሰው፣ የተቀዳውን ግን ተውከው። ለምን?»

ሁሉም ዞረው አዩት። ምናልባት አብረው በተጫወቱባቸው ሰባት ዓመታት ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያዩት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ማን ይከፍተዋል ብዬ» አለ ጥላው።

ከዚያ መርማሪዋን ብቻ እያየ ጠየቀ። «ዝግ ያለችውን… እርስዎ ሰሟት?»

«ሰማኋት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ሦስት ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው። ቆንጆ ናት። ቤቴን አስታወሰችኝ።»

ጥላው ቁልቁል ተመለከተ። «ልመታው አልገባሁም። ልጠይቀው ነው የገባሁት። ቀና ብሎ አየኝና ‹እንዴ፣ አንተም ትሰማ ነበር?› አለኝ። እየሰደበኝ አልነበረም፤ በእውነት ረስቶኝ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እመለስ ነበር…» ወንበሩ ሥር፣ ብረቱ ወድቆ የነበረበትን ቦታ አየ። «ስወጣ ሙዚቃው እንደነበረ ነው። አንድም ሰው አላቆመም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ጨረስኩት።»

መድፉ ያለ ኀፍረት አለቀሰ። አውሬው እጁ ሲፈታ ወደ በሩ ሊሮጥ ነበር፤ አባቱ እየጠበቀው ነው። ግን ደፉ ላይ ቆመና ተመለሰ። ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ጥላው ፊት ቆመ። ያ ግድግዳ የሚያናውጥ ጉሮሮ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ትከሻውን ነካ አደረገውና ወጣ።

ፖሊሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። «ሙሉ ስም?»

ጥላው ሊናገር ሲታገል ፖሊሱ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እናንተ፣ ስሙ ማነው?»

መድፉ ጣቱን አየው፤ ጣቱ መሬቱን አየ። «ጥላው ነው የምንለው» አለ መድፉ። የአባቱን ስም ይቅርና የራሱን የሚያውቅ አልነበረም።

ጥላው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ!» አለ ፖሊሱ።

«አትጩህበት» አለች መርማሪዋ። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ደህናውን ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ስሙን እስከነአባቱ ነገራት። ደግማ አልጠየቀችውም።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አለችው ፖሊሱን። «ልንገርህ፣ ጻፍ።»